የመረቅኩት መስሎኝ

ባጃጅ ገና ሸዋ ሮቢት በገባ ሰሞን አናጢው ጓደኛዬ ሲያገባ፣ «መምህር፣ አንተም ዱዓ አድርግለት» አሉኝ። የጥንት ፋርስ ባለቅኔዎች ጌቶቻቸውን በተረት ነገሥታት እየመሰሉ እንደሚያወድሱ አንብቤ ነበርና፣ «ዓለምን ሁሉ በዋንጫው ውስጥ እንደሚያየው የፋርስ ንጉሥ ያድርግህ!» አልኩት። ዳሱ ሙሉ «አሚን!» አለ።

የሙሽሪት አያት፣ ኪታብ አዋቂው ሼህ፣ ብድግ አሉ። «አንተ ልጅ፣ መጨረሻውን አላነበብክም እንዴ? ያን ንጉሥ እኮ ጠላቱ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ ነው የገደለው!»

ክው አልኩ። አሚን ያለው ሁሉ አፉን ያዘ። ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ትንፍሽ ያላለችው ሙሽራ ዓይነ ርግቧን ገልጣ ባሏ ላይ አፈጠጠች፦ «ነገውኑ መጋዝህን ትሸጣለህ!»