የአቶ ጀላሉ ኮምፒውተርና ሁለቱ ዎርዶች

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ጀላሉ ሱቃቸውን ቀደም ብለው ዘግተው በመቀሌ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣውን የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ሲያዘግሙ ለተመድህን ከምትባል ወጣት ጋር ቁልቁል ስትወርድ ተገናኙ። እሳቸው የወጡት ልጃቸውን ነዒማን ፍለጋ ነበር። ነዒማ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ሰሞኑን ግን የመመረቂያ ጽሑፏን ለመሥራት በግቢው ኮምፒውተር ክፍል ወረፋ ስትጠብቅ እየመሸባት በጨለማ ብቻዋን ትመለሳለች። ቤታቸው ኮምፒውተር እያለ! አባትየውን ያንገበገባቸው ይኸው ነው፤ ግን የከለከሏት ራሳቸው ስለሆኑ ለማን አቤት ይላሉ?

ለተመድህን በአንድ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ የነዒማም የልብ ጓደኛ ናት።

«ከመይ ውዒልኩም ኣቦይ ጀላሉ! ሰላም ነዎት?» አለች ጎንበስ ብላ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጓለይ። እናትሽ ደኅና ናቸው? ነዒማን አየሻት?»

«ወረፋ ላይ ናት። ሓቂ ልንገርዎት ኣቦይ፣ ዛሬ አልቅሳለች። መምህሯ እርማቱን የሚልክላት ዎርድ በሚባለው መጻፊያ ፕሮግራም፣ በአዲሱ ነው፤ የእናንተ ቤት ኮምፒውተር ደግሞ የድሮውን ብቻ ስለያዘ አይከፍትላትም። ሰኞ ካላስረከበች የዘንድሮው ምረቃ ያልፋታል።»

አቶ ጀላሉ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ። «አዲሱን እናስጭን ስትለኝ እምቢ ያልኳት ለክፋት አይደለም» አሉ በዝግታ።

እውነታቸውን ነው፤ አንባቢም ለመፍረድ አይቸኩል። አባታቸው በወሎ በመንዙማ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ አንዲት ስንኝ ወረቀት ላይ ሳያሰፍሩ አረፉ። አቶ ጀላሉ በወጣትነታቸው ለቀን ሥራ መቀሌ ሲገቡ ከአባታቸው የወረሱት ያንኑ በቃላቸው የያዙትን መንዙማ ብቻ ነው። ኋላ ነግደው ለነዒማ ኮምፒውተር ሲገዙላት እሳቸውም በሁለት ጣት ፊደል መልቀም ተማሩና መንዙማውን አንድ ሳያስቀሩ ጻፉት። የጻፉበት የአማርኛ ፊደል ግን ከድሮው ዎርድ ጋር ብቻ የሚሠራ ነበር፤ በአዲሱ ሲከፈት ጽሑፉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ይሆናል።

«ጎረቤቴ አብዱሰመድ የደረሰበትን ሰምተሻል» ሲሉ ቀጠሉ። «አዲሱን ልጫንልህ ብሎ አንዱ የኮምፒውተር ጠጋኝ መጣ። ‹ፎርማት ላድርገው፣ ይጸዳል› አለው። ጽዳት ማን ይጠላል? እሺ አለ። ወላሂ፣ ሙልጭ አድርጎ አጸዳለት! ከሟች ሚስቱ ፎቶ አንድ አልተረፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።»

በዚያ ዘመን ይህ በየሰፈሩ የተለመደ ክፉ ልማድ ነበር። ኮምፒውተር ቢዘገይ ፎርማት፣ ድምፅ እምቢ ቢል ፎርማት፣ አዲስ ነገር ሊጫን ሲል ፎርማት። ጉንፋን የያዘውን ሁሉ ሆዱን ካልቀደድኩ የሚል ሐኪም ቢኖር ማን ይጠጋው ነበር? በኮምፒውተር ሲሆን ግን እንደ ሙያ ተቆጥሮ ይመሰገናል።

«ያ ጠጋኝ አጥፍቷል፤ አልከራከርዎትም» አለች ለተመድህን። «ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዳይሆንብዎት ኣቦይ። አዲሱን ለማስገባት የድሮውን ማስወጣት ግድ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ መኖር ይችላሉ።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ልጄ።»

«ዛፉ ላይ የምትወጡትም እኮ ሁለት ናችሁ። እርስዎ በድሮው፣ ነዒማ በአዲሱ!»

አቶ ጀላሉ ሳቃቸው መጣ፤ ግን ዋጡት። «አትቀልጂብኝ። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው አንድ። አንዱ የሌላውን ቦታ ቢቀማስ?»

«በዘፈቀደ ካስገባናቸው ይሻማሉ፤ ሥርዓት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ መንዙማውን ሲዲ ላይ እንገለብጥና ሲዲውን ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ዘንድ እናስቀምጣለን። ከዚያ አዲሱ ሲጫን ራሱ ይጠይቃል፤ ‹የቀድሞውን ላጥፋ ወይስ ልተወው?› ይላል። ብዙው ሰው ሳያነብ ‹ቀጥል፣ ቀጥል› እያለ ስለሚጫን ነው ጥፋቱ የሚመጣው። እኛ አንብበን ‹ተወው› እንለዋለን። ማስቀመጫቸውንም ለየብቻ እናደርጋለን።»

«እንከን የለውም ነው የምትይኝ?»

«እንታይ ድኣ! አለው እንጂ። ከአንዱ ወደ ሌላው በተዛወሩ ቁጥር ‹ቆይ ላስተካክል› ብሎ ያስጠብቅዎታል። ፋይሉንም ዝም ብለው ከተጫኑት አዲሱ ይቀድምና ሣጥን ሣጥኑን ያሳይዎታል። ያኔ እንዳይደነግጡ። ምንም ሳይነኩ ይዝጉት፤ ከዚያ መጀመሪያ የድሮውን ዎርድ ከፍተው ፋይሉን ከውስጥ ይጥሩት።»

እንከኑን አለመደበቋ የሽማግሌውን ልብ አለዘበው። ነገር ግን ፍርሃት እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ «ሰኞ ይለፍና እናየዋለን» አሉ።

ለተመድህን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ድፍረት አይሁንብኝ ኣቦይ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን መንዙማ ነዒማ አንብባው ታውቃለች?» አለች።

«እንዴት ታነበዋለች? ፋይሉን እንዳትነካው አስምያት...» ብለው ጀመሩና አቋረጡት።

«እንግዲያ ከጠጋኝ ሲሸሽጉት ከልጅዎትም ሸሽገዋል ማለት ነው። ለማን ነው የሚያቆዩት?»

አቶ ጀላሉ በጣም አዘኑ። የአባታቸውን ቃል ያህል የሚወዷት ልጅ ስታለቅስ እየዋለች፣ እሳቸው ማንም የማያየውን ፋይል ይጠብቃሉ። ከድንጋዩ ተነሡና፣ «ነይ፣ ከወረፋው እናውጣት» አሉ።

ነዒማን ይዘው ቤት ገቡና ለተመድህን እንዳለችው አደረጉ። መንዙማውን ሲዲ ላይ ገልብጠው ሲዲውን ለአብዱሰመድ በአደራ ሰጡት። ጥያቄው ብቅ ሲል ለተመድህን ማውሱን ለአቶ ጀላሉ አቀበለቻቸው፤ «ቃሉን እርስዎ ይስጡት» አለች። እሳቸውም ቢስሚላህ ብለው ‹የቀድሞው ይቆይ› የሚለውን ተጫኑ። ተጭኖ ሲያልቅ የድሮውን ዎርድ ከፈቱ፤ መንዙማው ፊደል ሳይጎድልበት ወጣ። ነዒማም በተራዋ አዲሱን ከፈተች፤ የመምህሯ እርማት በቀይ ተደርድሮ ታየ። «ውይ አባ!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ምሳ እንኳ አብሬ አልበላም ብላ አኩርፋቸው የሰነበተችው ልጅ።

ነዒማ ከዚያ ወዲያ በጨለማ አልወረደችም፤ ሰኞም ጽሑፏን አስረከበች። ለተመድህን ሌላም ነገር አስተማረቻት፤ ጽሑፉን አዲሱ ላልደረሳቸው ጓደኞቿ ስትልክ በድሮው ዓይነት አስቀምጣ እንድትልክ፣ እነሱም እንዳይቸገሩ። አብዱሰመድም ሰፈሩ ውስጥ ፎርማት ባይ በመጣ ቁጥር አስቀድሞ «ውስጡ ምን ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሆነ። አዲስ ነገርን የሚጠላ ከዘመኑ ይቀራል፤ አዲስ መጣ ብሎ የነበረውን የሚደመስስም ባዶ እጁን ይቀራል። አስተውሎ፣ ጠይቆ፣ ለሁለቱም ቦታ የሚያበጅ ግን የአባቱን ቅርስ ሳይጥል የልጁን መንገድ ይከፍታል። ለኮምፒውተር ብቻ የተነገረ ምክር አይደለም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነዒማ ከግቢ እንደተመለሰች ቁጭ ብላ የድሮውን ዎርድ ራሷ ከፈተች። አቶ ጀላሉ ከበሩ ቆመው ያዩዋታል። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብዙ አነበበች፤ ከዚያ ግራ ገብቷት ዞረች።

«አባ፣ ቃሉን አነበብኩት፤ ዜማውን ግን እዚህ ውስጥ አጣሁት።»

አቶ ጀላሉ ክው አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ከሌባ፣ ከጠጋኝ፣ ከራሷም ከነዒማ የጠበቁት ኮምፒውተር የአባታቸውን ድምፅ አንድም ቀን ይዞት አያውቅም። ያለው እሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሸምግለዋል።

ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ። «ተከተዪኝ» አሏትና የመጀመሪያውን ስንኝ አዜሙላት። እሷም ተቀበለች፤ ዜማውን ሳተችው። አቶ ጀላሉ ሳይቆጡ እንደገና አዜሙላት።