«በቃ» ያልኩ ቀን

በእኛ ጊዜ ገደል መውረድ ስፖርት አይባልም ነበር፣ ሥራ ነው የሚባለው፣ የማር ሥራ። ታዲያ አንቺ ያንን ወረቀት ይዘሽ መጥተሽ «እማማ፣ በገመድ ገደል መውረድ ልንሠለጥን ነው፣ የወላጅ ፊርማ አምጡ ተብለናል» ስትይኝ እኮ ሳቄ ነው የመጣው። አባትሽ አረብ አገር፣ እናትሽም እዚያው፣ ፈራሚዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ጠጋ በይ እንጂ፣ እዚያ ጥግ ሆነሽ እንዴት ትሰሚኛለሽ።

እና ያኔ ደሃና የሚባል አገር ነን፣ ከቤታችን በላይ ትልቅ ገደል አለ፣ ንቡ ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ወንድሞቼ ከባድ ናቸው፣ እኔ ደግሞ የፍየል ግልገል ነበርኩ፣ ሲያነሱኝ አልከብድም። አባቴ በበሬ ቆዳ መጫኛ ብብቴ ሥር ያስረኛል፣ መጫኛውን ግንድ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ያወርደኛል። እናቴ ታዲያ ከቤት አትወጣም። «ልጄን እንደ ስልቻ ሰቀልካት» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ስልቻ እንደሷ አይስቅም» ይላታል። እውነቱን ነው፣ እስቅ ነበር። ማሩ ምክንያት ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እኔ የምወደው መንጠልጠሉን ነበር። ጭልፊት ከሥርሽ ሲያልፍ ጀርባውን ታዪዋለሽ፣ ጀርባውን። የጭልፊት ጀርባ ያየ ሰው ስንት ነው?

ምን አልሽ? ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። አዎ፣ ወድቄያለሁ፣ እሱን ልነግርሽ አይደል።

እኛ ቤት የሚነገረው ኽምጥኛ ነው፣ ከአባቴ ጋር ገመድ ላይም በሱ ነው የምንጠራራው። ታዲያ አንድ ቀን አባቴን ወገቡን አመመውና መጫኛውን የእህቴ ባል ያዘ፣ የሰቆጣ ከተማ ልጅ፣ አማርኛ እንጂ ኽምጥኛ አንድ ቃል አያውቅም። የኔም አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፣ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «በቃ»። እና ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ማሩ ፊት ለፊቴ ሲደርስ «በቃ» አልኩት፣ ማውረዱ ይብቃ ማለቴ ነው። እሱ ሆዬ «ደረሰች፣ ጨረሰች» ብሎ ለቀቀው። ለቀቀው ነው የምልሽ። ሁለት የሰው ቁመት ያህል ወርጄ ከአለቱ ወጣ ያለ ጠርዝ ላይ ዘጭ። ከሥሬ ጠርዝ ባይኖር ኖሮ አንቺም የለሽ። ይኸው ይህ እጄ እስከ ዛሬ አይዘረጋም፣ ወጌሻውም አልቻለው። እሱ ግን ከላይ ሆኖ «ማሩ ብዙ ነው?» ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ገደሉን ከለከለችኝ፣ አባቴም ፊቷን አይቶ መጫኛውን ጠቅልሎ ሰቀለው። ስለ እጄ አላለቀስኩም፣ ስለ ገደሉ ግን አለቀስኩ።

ታዲያ ትናንት ሁለቱን አሠልጣኞችሽን አስጠራኋቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው። «እማማ፣ አያስቡ፣ ቀበቶ አለ፣ ሄልሜት አለ፣ ገመዱ መኪና ያነሳል» አሉኝ። «ገመዱንስ ተዉት፣ ልጅቷ ከታች ‹በቃ› ብትል ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው። ረጅሙ «ይዤ አቆማለሁ» አለ። አጭሩ ደግሞ እኩል «ደርሳለች፣ አላላለሁ» አለ። ተያዩ። እኔም አየኋቸው። ረጅሙ አንገቱን አከከና «ቃል እናወጣለን፣ እማማ» አለ፣ እኔም «አውጡና ልጆቹ መሬት ላይ ቆመው እስኪለምዱት ገመድ እንዳትነኩ» አልኩ። ዛሬ ጠዋት መጥተው አሰሙኝ፣ «ያዝ» እና «ላላ» ነው ያሉት፣ ሌላ የለም።

እንግዲህ ልጅ ገደል ይውረድ ወይ ነው ያልሽኝ። ሳይጠየቅ አይውረድ። እኔን «ቀላል ነሽ» አሉኝ እንጂ «ትፈልጊያለሽ ወይ» ያለኝ የለም፣ ደግነቱ እፈልግ ነበር። ሲከለክሉኝም አልጠየቁኝም። አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ፣ ጓደኞችሽ ስለሄዱ ነው ወይስ ራስሽ ትፈልጊያለሽ?

አልሰማሁም። ገደል ላይ እንዲህ ብትናገሪ ማን ይሰማሻል?

«እፈልጋለሁ!» አልኳቸው፣ ለአያቴ፣ በሙሉ ድምፄ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። እማማ እስኪያስላቸው ሳቁና ለፊርማው አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።