ቀይ ባጅ

ዋላስ ደርደን ተማሪዎቹን በጓሮ በር ማስገባት ጀመረ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ።

ቬርና ቲለሪ ይህን የሰማችው ክሊቭላንድ፣ ቢሮዋ ውስጥ፣ ከጸሐፊዋ ከኦፓል ፊት፣ ቤግል የሚባለውን ቀለበት ዳቦ እንደጎረሰች ነው። ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የተከፈቱ፣ ልጆቻቸው ከኮሌጁ ተማሪ ጋር አብረው የሚማሩ ዘጠኝ ሃይስኩሎች አሉ፤ የዘጠኙም አለቃ እሷ ናት። ሰኔ ላይ ትለቃለች። ከግድግዳው ወዲያ ስምንት ዳይሬክተሮች ተተኪዋን ሊመርጡ ተሰብስበው ዘጠነኛውን ይጠብቃሉ። ዘጠነኛው የቶሌዶው ዋላስ ነው። የሚመረጠውም እሱ ነው፤ ሌላ ዕጩ የለም።

ስልኩ ጮኸ፤ ዋላስ ነው። የሚሰማው ግን የቬርና ድምፅ ብቻ ነው።

— ሄሎ... አዎ፣ እኔው ነኝ። ዋሊ! የት ደረስክ? ሰዎቹ ቡናውን ሊጨርሱት ነው... እንዴት አልተነሳህም? ገና ቶሌዶ ነህ? የሁለት ሰዓት መንገድ እኮ ነው!

— ምን?

— በየትኛው በር?... ድገመው... አይ፣ እኔማ ሰምቻለሁ። ድገመው ያልኩህ አንተ እንድትሰማው ነው።

— ቆይ፣ ልዋጥ... ኦፓል፣ በሩን ዝጊልኝ። ለሰዎቹ ትንሽ ይጠብቁ በያቸው። ምክንያቱን አትንገሪያቸው። ምክንያቱን አታውቂውም፣ ጥሩ።

— እሺ ዋሊ። ከመጀመሪያው ንገረኝ። ባጭሩ።

— የካፌው ጠብ፣ እ... እሱን አውቀዋለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት የኮሌጅ ጎረምሳ ያንተን የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ከወንበሩ ገፍትሮ ጣለው፣ ልጁ ሾርባውን ደፋበት። አበጀ። ከዚያስ?

— የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጠራህ። "ልጆቹ ከኮሌጁ ተማሪ ተለይተው ይታወቁ" አለህ። ይበል፣ አፍ የራሱ ነው። አንተ ምን አልክ?

— ቀይ ባጅ።

— የኮሌጁ ተማሪ ሰማያዊ፣ ያንተ ልጆች ቀይ። እ... መግቢያቸው በዕቃ ማራገፊያው በኩል። የቷ ናት እሷ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ያለችው?... እሷው። ላይብረሪስ?... እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ካፌስ?... "የራሳቸው ጥግ" አትበለኝ። በገመድ ከታጠረ ጥግ አይባልም፣ በረት ነው።

— እና ፈረምክ?

— መቼ?... አርብ! ዛሬ ሰኞ ነው እኮ! ይሄን ሁሉ ቀን አፍህን ማን ሰፍቶት ነው?

— "ከምርጫው በኋላ ልነግርዎት ነበር።" እ። አመሰግናለሁ። ቢያንስ አልዋሸኸኝም።

— አልጮህኩም። እኔ ስጮህ ታውቀዋለህ።

— እሺ፣ በምላሹ ምን አገኘህ?... የሦስት ዓመት ውል። ሕንጻው አይነካም። አራት መቶ ልጅ ሰኔ ላይ ሜዳ አይበተንም... ይገባኛል። ኧረ ይገባኛል ዋሊ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች ጋር ስለ ቁልፍ ስነታረክ የኖርኩ ሴት ነኝ! እኔም ክፍል ለምኛለሁ። ምድር ቤት ሰጥተውኝ ከማሞቂያው ጋን ጎን አስተምሬያለሁ። ሲንፈቀፈቅ ድምፄን ከፍ፣ ሲተኛ ድምፄን ዝቅ እያደረግኩ። ምንም አላልኩም። ግን የምንገባው በፊት ለፊት ነበር።

— አዎ ልዩነት አለው። ጣራውን አትርፈህ ቤቱን ሸጥከው።

— ቤቱ ምን ማለት ነው?... አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ?

— ስማ። አንተ ተማሪዬ ልትሆን ስትመጣ አስራ ስድስት ዓመትህ ነበር። የወንድምህን ካፖርት ለብሰህ፣ እጅጌው ጣትህን ውጦት። እናትህ "ይሄ ልጅ የትም አይደርስም፣ ሞክሪው እስቲ" ብላ አስረከበችኝ። በየትኛው በር ነው ያስገባሁህ?... አልሰማሁህም... አዎ። በፊት ለፊት፣ በዓምዶቹ መሃል። ጥበቃው ምን አለህ?

— "እንደምን አደርክ ጌታዬ።" በሕይወትህ ማንም ጌታዬ ብሎህ አያውቅም። አንድ ሳምንት ሙሉ ለሰፈሩ ስታወራ ከረምክ፤ እናትህ ደውላ "ምን አድርገሽብኝ ነው፣ ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ" አለችኝ። እኔ ምንም አላደረግኩህም። በር ነው የከፈትኩልህ። ልጅ የተቀመጠበትን ወንበር ይመስላል ዋሊ፤ ዘጠኙም ትምህርት ቤት የቆመው በዚች ብቻ ነው። ከአዋቂ ጎን ታስቀምጠዋለህ፣ አዋቂ ይሆናል። ከቆሻሻ ገንዳ ጎን ስታስቀምጠውስ?

— አይ፣ "ለጊዜው ነው" የሚባል ገመድ የለም። ዛሬ ያጠሩትን ነገ ግንብ ያደርጉታል። ከዚያ የሌሎቹ ስምንቱ ፕሬዚዳንቶች ይሰማሉ። "ቶሌዶ እኮ ተስማምቷል" ይሉናል። በየግቢው ቀይ ባጅ ታያለህ። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፤ አንተ ውል ተፈራረምኩ ብለህ ትልሳለህ።

— ምንድን ነው እሱ ጩኸት?... የት ነው የቆምከው?

— ማራገፊያው ጋ። ልጆቹም እዚያው... ሁሉም ቀዩን አንጠልጥለዋል?... ከአንዷ በቀር። ማናት?

— ዛኪያ... የቷ ዛኪያ? ለጉብኝት የመጣሁ ጊዜ "የናንተ ቢሮ ሲሞቅ የኛ ክፍል ለምን ይቀዘቅዛል" ብላ እፊቴ የከሰሰችህ?... እሷን እወዳታለሁ። ምን ሆነች?

— ሦስት ሰዓት ላይ የኬሚስትሪ ፈተና አላት። የኮሌጁ... ካልገባች ክሬዲቱ ሄደ። ጥበቃው ያለ ቀይ አላስገባም አለ። በሰማያዊው ትግባ በለው!... የታለ ሰማያዊዋ?

— ሰበሰብካቸው።

— በማን እጅ?... በራስህ እጅ። በካርቶን። እ።

— እና እኔ ምን ላድርግልህ?... እኔ? እኔ ነኝ የማግባባት? አንተ ፈርመህ እኔ ልሽጥልህ?... ተወው፣ ስልኩን አቀብላት። አቀብላት እንጂ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!

— ኦፓል፣ ስንት ሰዓት ነው?... ለሦስት ሩብ ጉዳይ። አሁንስ ምን ይላሉ?... "ዋላስ ቀረ እንዴ"? ቤግል ይብሉ። ሲጎርሱ አይጠይቁም።

— ሄሎ፣ ዛኪያ?... ቬርና ቲለሪ እባላለሁ። የዳይሬክተርሽ አለቃ ነኝ፣ እስከ ሰኔ... ደህና አለመሆንሽንማ እሰማለሁ። ንፋሱ ከሐይቁ ነው የሚመጣው?... ኮትሽን ቆልፊ።

— አየሽ፣ የኔ እናት። ፈተናው ይበልጥብሻል። ቀዩን አንጠልጥይው፣ ግቢ፣ ተፈተኚ፣ ውጪ። ጠቡን ለኛ ተዪው። እኛ አሮጊቶቹ እንጣላላችኋለን፣ ሌላ ሥራም የለን።

— እ...

— እ... ላቦራቶሪ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?... የሁለት ልጆች እናት። ማታ ማታ ሆስፒታል ስትሠራ ታድራለች። እሺ... ከመስከረም ጀምሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ? ዕድሜሽን አታውቅም?... ሃያ አንድ ነው የምትለው! ሃ! አንቺስ ዝም አልሽ?... ጥሩ አደረግሽ። ካልተጠየቁ አይናገሩም።

— እሷ ናት አንቺን የምትጠይቅሽ? ያልገባትን?... እ... "ዛሬ ቀይ አንጠልጥዬ ስገባ ምን ትለኛለች" ነው የምትዪኝ።

— አላውቅም። ምን እንደምትልሽ አላውቅም፣ ልጄ።

— አይ፣ አልደልልሽም። ፈተናው ካመለጠሽ ክሬዲቱን እኔ አልመልስልሽም። የኮሌጁ ሰዎች ከተናደዱም ትምህርት ቤቱን ያስወጣሉ... አዎ፣ ሁላችሁንም። አልቀልድም... አዎ፣ የሚያስፈራ ነው። እኔም እፈራለሁ።

— ምን?... ድገሚው፣ ንፋሱ በላው።

— ሚስተር ደርደን ምን?

— እርግጠኛ ነሽ?... እያየሽው ነው። አንገቱ ላይ።

— እሺ። ስልኩን መልሺለት... አይ፣ አታንጠልጥይው። አንዴ ቆዪ። ያልኩሽን እርሺው።

ቬርና ተነሳች። ወንበሩ ተንሸራቶ ኦፓል እግር ላይ ቆመ፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

— ዋሊ። አንገትህ ላይ ያለው ባጅ ምን ዓይነት ነው?

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— በንፋሱ አታሳብብ። ቀለሙን ነው የጠየቅኩህ።

— ሰማያዊ... "ሠራተኛ ስለሆንኩ።" እ። እና ዛሬ ጠዋት አንተ በየትኛው በር ገባህ?

— ዋሊ። በየትኛው በር?

— በፊት ለፊት። ይቅርታህን አስቀምጠው። እኔ ምን ላደርግበት? ያቺ ልጅ ናት ያየችህ። አራት መቶው ሁሉ ነው ያየህ፤ አፍ ያወጣችው እሷ ብቻ ናት።

— አይ። ምን እንደምታደርግ አልነግርህም... አልነግርህም አልኩህ! ሰኔ ላይ እኔ የለሁም። ዘጠኝ ትምህርት ቤት በየጠዋቱ አንዱ ፕሬዚዳንት ክፍሌን ቀማኝ፣ አንዱ ቁልፌን ለወጠብኝ እያለ ይደውላል። እኔ አንተን የፈለግኩህ ስልኩን እንድታነሳው ነው። አንተ እየደወልክ ነው።

— ምርጫውን ተወው። እሱን እኔ አስብበታለሁ... ተወው እንጂ። ማን ነው አሁን ስለ ምርጫ ያወራው? ልጅቷ ብርድ ላይ ቆማለች።

— ሄሎ?... አለህ?

— ምንድን ነው የሚንኳኳው?... የመኪና በር። እ... ካርቶኑ መኪናህ ውስጥ ነው።

— ኦፓል፣ ተቀመጪ። አይ፣ ምንም አልሆነም። ገና ነው።

— ዋሊ፣ ምን እያደረግክ ነው?... እያደልካቸው ነው። ሰማያዊዎቹን... ቀዮቹስ?... ገንዳው ውስጥ። ቅርብ ነው መቼም፣ ገንዳው።

— ስማኝ፣ ስማኝ። ሰማያዊዎቹን ከበሩ ማሽን ሰርዘዋቸው ይሆናል፤ በሩ ላይከፈትላቸው ይችላል... ታውቃለህ። አርብ ነው የሰረዟቸው። እያወቅክ ነው... ፕሬዚዳንቱ ይደውልልሃል። ውሉን ይቀድልሃል። አንተንም ሊያባርርህ ይችላል፤ እኔ እዚህ ሆኜ ላስጥልህ አልችልም... እሺ። እሺ። ይሄንንም ታውቃለህ።

— ወዴት ነው?... ዞራችሁ በፊት ለፊት። ሁላችሁም?... ስልኩን አትዝጋው! ኪስህ ውስጥ ክተተው። እንዳለ ክተተው።

ቬርና ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች፣ ሌላውን በጣቷ ደፈነች።

— ዝም በይ፣ ኦፓል... አልተናገርሽም፣ ግን ዝም በይ። እየሄዱ ነው። በረዶው ሲረገጥ ይሰማል። ብዙ እግር ነው።

— አንድ ልጅ ሲስቅ ሰማሁ። ምኑ ነው የሚያስቀው?... ፈርቶ ነው። እኔም ስፈራ እስቃለሁ።

— ዋሊ፣ ከሰማኸኝ ስማኝ። አትጩህ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተናገር። ፊት አንተ ሁን። ዛኪያን ከኋላህ... አይ፣ ከኋላ አይሆንም። ከጎንህ።

— ደረሱ። ጥበቃው ነው... ሁለት ናቸው መሰለኝ። "ልጆቹ በዚህ አይገቡም" አለ... ዋሊ ምን አለ? ምን አልክ ዋሊ?... "እኔም ከነሱ ጋር ነኝ" ነው ያልከው? አልሰማሁህም!

— ማሽኑ ጮኸ። ባጁ አልሠራም... የማን ነው የጮኸው? የሷ ነው?... ያንተም? አሁኑኑ ሰረዙት?

— "እንደምን አደርክ ጌታዬ" አለው። ኦፓል፣ አንዱ ልጅ ጥበቃውን "እንደምን አደርክ ጌታዬ" አለው! እና... እና ምን አለ ጥበቃው?

— ሄሎ?

— ሄሎ፣ ዋሊ? ትሰማኛለህ?... ዋሊ? ሄሎ?

ተቋርጧል። ደግማ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ኦፓል ለሰዎቹ ምን ልበላቸው በሚል ዓይን አየቻት።

ቬርና ኮቷን ለበሰች። የስብሰባው ክፍል ገባች። ስምንቱም እያኘኩ ቀና አሉ። እንደ ዋላስ ያለ ሰማያዊ የሠራተኛ ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ከቤግሉ ሳህን ጎን ጣለችው።

"የናንተንም እዚህ አስቀምጡ" አለች። "ኮታችሁን ልበሱ። ምርጫውን ቶሌዶ፣ በሩ ላይ ነው የምናደርገው።"

የመጀመሪያው ባጅ ጠረጴዛው ላይ እስኪወድቅ ጠበቀች። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።