በሩ ሲከፈት ነፋስ የወሰደው ሰውዬ

ደሴ፤ ልጇን ናሁሰናይን ከቀበረች ወዲህ እህል አልወርድ ያላት የተመኝ ፍራሽ ላይ ጥግ ይዛለች፤ ታናሽ ወንድሟ አምሳሉ የፍርፍር ሳህን ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

የተመኝ፦ አልበላም አልኩህ። ሳህኑን አንሳልኝ።

አምሳሉ፦ ማን ብይ አለሽ እትዬ? ወሬ ልነግርሽ ነው። ደግሞ እንደ ሌላው ወሬዬ እንዳይመስልሽ፤ በእናታችን አጽም፣ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው።

የተመኝ፦ በእሷ አጽም ምለህ ጅብ ባጃጅ ተሳፈረ ብለኸኛል።

አምሳሉ፦ ተሳፍሯል። ሂሳብ ሲጠየቅ ነው የወረደው። አሁን ስሚኝ፤ ጤና ጣቢያ አንድ ሰውዬ መጣ። ከመክሳቱ የተነሳ በሩ ሲከፈት ነፋሱ አንስቶ ካርድ ክፍል አደረሰው። ዘበኛው አዝኖ ኪሱ ድንጋይ ጨመረለት። ድንጋዩን እንደያዘ ቢመዘን እንኳ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

የተመኝ፦ ደክሞኛል፣ አምሳሉ። ምነው ያን ዕለት አብራችሁ በቀበራችሁኝ።

አምሳሉ፦ ሰውዬውም ይህንኑ ነው ያለው። ነርሷ አልሚ ምግብ ብትሰጠው ጉሮሮው ላይ ቆመ። በውሃ ቢለው፣ በወተት ቢለው፣ ወይ ፍንክች። ኋላ ምን ብላ ብትጠይቀው ጥሩ ነው? «ከማን ጋር ነበር የምትበላው?»

የተመኝ፦ ምን አላት?

አምሳሉ፦ ከአንድ ልጅ ጋር ነበር፣ በአንድ ሳህን። ልጁ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ እቤት ስሙን የሚጠራ ጠፋ። እሷም ምግቡ ብቻውን እንደማያድነው ነገረችው። በየሳምንቱ እየመጣ ስለ ልጁ እንዲያወራት፣ እቤቱም እያወራ እንዲበላ፤ አንዱ ያለ አንዱ እንደማይሆን።

የተመኝ፦ ለማያውቃት ሴት ምን ብሎ ያወራል?

አምሳሉ፦ አወራ እንጂ። ልጁ ሽንኩርት ነፍሱ ነበር፣ ከፍርፍሩ ውስጥ እየለቀመ ይጨርሰው ነበር አላት።

የተመኝ፦ ውሸት። ናሁ ሽንኩርት አይወድም። እየለቀመ ወደ አንተ በኩል ነበር የሚገፋው።

አምሳሉ፦ ስሙን ጠራሽው።

የተመኝ፦ አንተ፣ ሱሪህን በገመድ ያሰርከው ለምንድነው?

አምሳሉ፦ ቀበቶው ቀዳዳ አለቀበት።

የተመኝ፦ ቀና በልና እየኝ። ሰውዬው አንተ ነህ?

አምሳሉ፦ ድንጋዩን ነው የፈጠርኩት፣ እትዬ። ድንጋዩን ብቻ። አንቺ ካልበላሽ እኔንም እህሉ አልወርድ ብሎኛል። ነርሷ ሰው ይዘህ ና ብላኛለች፤ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?

የተመኝ፦ ና፣ ጠጋ በል። አፍህን ክፈት።

አምሳሉ፦ ሽንኩርት አለበት። እኔም እኮ አልወድም፤ እሱ ሲገፋልኝ ደስ ስለሚለው ነበር የምበላው።

የተመኝ፦ እንግዲያው ወደ እኔ በኩል ግፋው።