አውድማ ላይ አይቆጠርም

ሥራዬ ሳተላይት ላይ የሚገጠም መሣሪያ መሥራት ነው፤ ከፀሐይ የሚመጡትን በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች አንድ በአንድ ይቆጥራል። አምና ሽንዲ አጎቴ ዘንድ ስሄድ ጤፍ ሲወቃ ደረስኩ። ምርቱ ወደ ጆንያ ሲገባ እንደ ልማዴ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ስጀምር፣ አጎቴ እብቅ በለበሰ መዳፋቸው አፌን ከደኑት።

«ዝም በይ! አውድማ ላይ ከተቆጠረማ ረድኤት ይሸሻል።»

ኋላ ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፀሐይዋን በእጃቸው ከልለው ወደ ላይ አዩና፣ «የፈጣሪ አውድማ ላይም ትቆጥሪያለሽ?» አሉኝ።

«እንጀራዬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሁን። ድምፅሽን ግን ቀንሺ።»

ባለፈው ወር ሳተላይቷ መጥቃ መሣሪያው መቁጠር ሲጀምር፣ ባልደረቦቼ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች እየጮኹ አነበቡ። የእኔ እጅ ሳላውቀው አፌን ከድኖት ነበር።