የሠርግ ቀን ዝናብ

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ሳለን፣ አከራያችን ቴሌቪዥን እንድናይ ሳሎኗ ጠራችን። የአየር ጠባይ የሚናገረው ሰውዬ ካርታው ፊት ቆሞ፣ «በዚህ ጸደይ የባሕሩ ዳርቻ ጭጋግ ነው፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሳን ሆዜ ግን ፀሐይ ብቻ! አንዲት ጠብታ አይወርድም» ሲል ሴትዮዋ አጨበጨበች። ልጇን ሳን ሆዜ ሜዳ ላይ ልትድር ነው፤ እኛም ተጠርተናል። አብሮኝ የሚኖረው ይማም ግን ፊቱ ጠቆረ። ወሎ ያሉት አባቱ በልጉ ቀርቶባቸው ከብቶቻቸው እያለቁ ነው።

«ምን ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ውይ፣ እጸልይላቸዋለሁ» ብላ ትከሻውን ዳበሰችው። ይማም እንባው መጣ። ብድግ ብሎ፣ እንደ አገሩ ሽማግሌዎች ሁለት እጁን ዘርግቶ በእንግሊዝኛ መረቃት። «አላህ በልጅዎ ሠርግ ቀን ዝናብ ያውርድልዎ!»

ሴትዮዋ ቀላች። «እኔ ለአባትህ ልጸልይ፣ አንተ ልጄን ትረግማለህ?»

«ኧረ ምርቃት ነው!» ብል ማን ይስማኝ? «ሠርጉ ላይ እንዳላያችሁ» ብላ በሩን አሳየችን።

ደረጃው ላይ ይማም፣ «ወንድሜ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ልመርቃቸው ኖሯል?» አለኝ።

በሠርጉ ቀን ሳን ሆዜ እንደተነገረው ጠራራ ፀሐይ ሆነ። ወሎም እንደዚያው።