የማንጠግቦሽ ሚኒባስ ለምን ተንቀጠቀጠች?

ነዕማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ዝናቡ እንኳን ዛሬ ራራልን... አንድ ሻይ ስጪኝ እስቲ፤ ስኳሩን ቀነስ አድርጊው። አይ፣ ወደ ውስጥ አልገባም፣ እዚሁ ከጋራዡ በር አጠገብ ይሻለኛል። ነፋሱ ጥሩ ነው። ደግሞ ሰው ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል... ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ቢታይም።

ወይ ጉድ! አሁን መፍቻው ሲንኳኳ ይሰማ አልነበር? እኔ ስቀመጥ ጸጥ አለ። መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ ይሆናል፤ ፈጣን ነው እኮ።

ሚኒባሴን ቅድም ስታልፍ አየሻት? ከሸርቆሌ አስተማሪዎቹን ጭና መጣች። አንዱ በላስቲክ ኩባያ ሻይ ይዞ ተሳፍሮ፣ አንዲት ጠብታ ሳይደፋ አሶሳ ወረደ! ባለፈው ወር ብትይኝ... ከስልሳ በላይ ስትሄድ መሪው ሾፌሩን እስክስታ ያስወርደው ነበር። አንዷ ነርስ «ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ጥርሴ ሳይረግፍ ሌላ መኪና ልፈልግ» ብላኝ ሄዳለች። አሁን ተመልሳለች፣ ተመስገን ነው።

መቼም እኔ የተማረ ሰው ነፍሴ ነው። ሰርተፍኬቶቹን አይተሻቸዋል፣ ግድግዳው ላይ? ሦስት ናቸው። አንደኛው ባለ መስታወት ነው። ንጽሕናውስ! ያልታጠበ መኪና ጋራዡ አይገባም። የኔዋንም ሦስት ጊዜ አሳጥቦልኛል። ላይዋ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ! ፊቴን አይቼባት ሻሼን አስተካክያለሁ። ከዚያ ታጥባ ስታበቃ፣ ወረፋዋ እስኪደርስ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ትቆማለች። እንዴ፣ ጥሩ ባለሙያ ዘንድ ወረፋ አይኖርም?

በመጀመሪያ የጎማው ኩሽኔታ ነው አለ፤ ተቀየረ። ስትወጣ ከበፊቱ ባሰባት። እኔ ግን አልከፋኝም... አዲስ ኩሽኔታ ሲለመድ ጊዜ ይፈልጋል ብሎኛላ! አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። እሱ ዘንድ ሄዶ ሳይማር የሚመለስ የለም።

ሁለተኛ ጊዜ የፊቱን ጎማ ከኋላው አቀያየረው። ወንድሜ ስለሺ፣ ያው ሾፌሬ የነበረው፣ ነድቶ ተመለሰና «ጋሼ፣ በፊት መሪው ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ አሁን መሪው ዝም ብሎ መቀመጫዬ ነው የሚንቀጠቀጠው። በሽታው ጎማውን ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም ወይ?» አለው። ልጅ አይደል፣ ስድስት ዓመት ብቻ ነው እኮ የነዳው! ምን ብሎ ቢመልስለት ጥሩ ነው? «አቀማመጥህን ቀይረህ ነው።» ነዕማ፣ አትሳቂ። ሻይሽን ታፈሺዋለሽ።

ሦስተኛው ላይ ግን እኔም አልሳቅሁም። መናኸሪያው መሀል፣ ሾፌር ሁሉ ተሰብስቦ በቆመበት፣ «መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ የታመመው ሾፌሯ ነው» አለ። መሪ ላይ እጁ ከባድ ነው ተባለ። እኔስ ምን አደረግሁ? የሰርተፍኬት ወዳጅ አይደለሁ... ቁልፉን እዚያው ሰው ፊት ከወንድሜ እጅ ተቀበልኩት። በማግስቱ ማንቡክ ሄዶ እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ሆነ። ይኼን ጥፋት ለማንም አልሰጥም፤ የኔ ነው።

አዲስ ሾፌር ቀጠርኩ። እሱም ተንቀጠቀጠ! እንግዲህ እጀ ከባዶች በዙብኝ ማለት ነው?

ያዳኑኝ ሼህ ዓብዱልባሲጥ ናቸው፣ ማንጎ የሚያመጡት። ባለፈው ቅዳሜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲንገጫገጩ መጡና፣ ወርደው ጎማው ሥር አጎነበሱ። «ማንጠግቦሽ፣ ጎማው ውስጥ ጭቃ አለች» አሉኝ። «የልጄ ባጃጅ እንዲህ ሆነች፣ ጭቃ ነው ወላሂ።» ለካ ቀድመውም እዚህ ጋራዥ መጥተው ይህንኑ ነግረው ነበር! «ሼህ፣ እርስዎ ማንጎዎን ይጠብቁ» ተብለው ተመለሱ አሉ። አክብሮቱን እይልኝ፣ አንቱ ብሎ ነው የመለሳቸው።

ጎማውን አስፈታሁት። ከቸርኬው፣ ከጎማው ብረት በስተጀርባ፣ አጣቢው እጁን በማይሰድበት በኩል፣ የሸርቆሌ መንገድ ቀይ ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቆ ተቀምጧል! በመጀመሪያው ዝናብ ተቀርቅራ ያደረች ዕለት ነው የገባው። መኪና ሲቆም ጭቃው ወደ ታች ይወርድና እዚያው ይደርቃል፤ አንዱ ጎን ይከብደዋል፤ ስትሮጥ ያንገጫግጫታል። ይኼው ነው ነገሩ። በእንጨት ፈልፍለን፣ በውሃ አጥበን ጨረስነው። በሰማንያ ነዳናት፣ ዝም!

እና ነዕማዬ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ... ጭቃውን በውሃ እየነከረ ያራሰላት ማን ነው? ፀሐይ ላይ ሁለት ሁለት ቀን እያቆመ ያደረቀላትስ? እኔ እንጃ። ያልተማርኩ ሴት ነኝ። ምናልባት ይህም የሕክምናው አንዱ ክፍል ይሆናል።

ይኸውልሽ፣ ትናንት ለስለሺ ደወልኩለት። ማሪኝ... ምን አልኩ፣ ማረኝ አልኩት። አለቀስኩም፣ ምን እደብቅሻለሁ። «እቴዋ፣ አንቺን ይቅር ብያለሁ» አለኝ። «ግን አሶሳ መናኸሪያ ገብቼ ሾፌሮቹ እጀ ከባዱ መጣ ሲሉኝ አልሰማም። ስሜን እዚያ የጣለው ሰው እዚያው ያንሳልኝ፣ በማግስቱ እመጣለሁ።» ዳኛ ሆነ እንዴ ልጁ? ብዙ ጠየቀ? ሁለት ቃል እኮ ነው። «ጭቃ ነበር።» አለቀ። ሰርተፍኬት ከግድግዳ አይወርድበት፣ ደንበኛ አይሸሸው።

ግን መካኒካችንን እንዴት ብዬ እለምነዋለሁ? ሥራ ይበዛበታል፤ ይኸው ከተቀመጥኩ ጀምሮ ከመኪናው ሥር አልወጣም። እግሩንም ሰብሰብ አደረገው... በርዶት ይሆን? ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሾፌሮቹ ሁሉ መናኸሪያ ይሰበሰባሉ። ለወሬ ያህል ነው የምነግርሽ፤ ሰውም ካለፈ ይስማ፣ ምስጢር አይደለም።

በይ ልሂድ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሻይሽ ጣፋጭ ነው። አንቺም መርቂው እንጂ፣ ጎረቤትሽ አይደለም? እኔ ክፉ አልመኝለትም። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። ሰው ነውና ድንገት ሕመም ቢነካው ደግሞ... ልክ እንደ ራሱ ያለ፣ የተማረ፣ የተረጋጋ ሐኪም ይዘዝለት።

አሜን በይ እንጂ፣ ነዕማ! ጮክ በይ፣ ከመኪና ሥር አይሰማም።